ደመና የነበረበት ጥግ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ልቅሶው ግን እስካሁን አልመጣልኝም፤ ቢመጣ ይሻለኝ ነበር።

ወንድሜን ከቀበርን ሁለት ወር ሞላን። አባዬ በደወልኩ ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ያ ልጅ ከሳሎን ግድግዳ ያወረደውን ካርታዬን ተራራው ላይ ይዞት ነበር ወይ ይለኛል። አልያዘውም፣ ቤቱ ረስቶት ነው የሄደው እለዋለሁ። ይዞት ቢሆን መች ይጠፋ ነበር፣ በሉ ይፈለግና ቦታው ይሰቀልልኝ ይላል። ባለፈው ግን በየት በኩል ነው የወረደው ብሎ ጠየቀኝና መልሴን ሳይጠብቅ ስልኩን ዘጋው።

ዋሽቼዋለሁ፣ እማዬ። ካርታው ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነበር። ዕቃውን ስረከብ ለእኔ ሰጡኝ። የሄደበትን በእርሳስ አስምሮበታል። ሱቅ ሲላክ እንኳ መንገድ የሚጠፋበት ልጅ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ላይኛው ጥግ፣ ካርታው ረጋ ያለ ቁልቁለት የሚያሳይበት ቦታ ላይ ያበቃል። ያገኙት ሰዎች እዚያ ያለው ገደል ነው ብለውኛል።

እንደምታውቂው የምሠራው አባዬ ካርታ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ በወጣበት መሥሪያ ቤት ነው። መዝገብ ቤት ገብቼ ካርታውን የሠራበትን ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶ አወጣሁ። ያ ጥግ ደመና ነው፤ ነጭ። እንዲህ ሲሆን ደንቡ ቦታውን ካርታው ላይ ባዶ መተው ነው። አባዬ ደግሞ ባዶ ነገር አይወድም፤ ቅጽ ላይ «ሌላ ካለ» የሚለውን ሳይቀር የሚሞላ ሰው ነው። የከፍታ መስመሮቹን በግምት ስቧቸዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር እጁን ያደነቅንለት እዚያ ጥግ ላይ ነበር።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ካርታ ልኬልሻለሁ። ቦታው ላይ ስቀዪው፤ ከልጁ አልጋ ሥር ተገኘ በይው። እርሳስ ያለበት ያኛው እኔ ጋ ነው። ግምጃ ቤት ያገኘሁት ኋላ የታተመውን ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ጥጉ ባዶ ነው። ስለዚህ የአባዬን መስመሮች በቀጭን ብዕር አንድ በአንድ ገለበጥኩበት። ሦስት ቀን የምሳ ሰዓቴን ፈጀብኝ። አንቺ ያፈሰስሽበትን የሻይ ጠብታም አልረሳሁም።

አንድም መስመር አልተዛነፈብኝም። በዚህስ አባቴን ወጥቻለሁ።

ፈጣሪ ጤናሽን ይስጥልኝ፣ ለአባዬም ዕድሜውን ያርዝምለት። መነጽሩን አድርጎ ቀረብ ብሎ ሲያየው ምን እንዳለ ጻፊልኝ። ምንም ካላለም ጻፊልኝ።

የቀረችሽ ልጅ