ያልሠራሁትን ጀብዱ ስለመመለስ

ለተከበሩ የቀድሞ ሠራዊት መዝገብና ሽልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ ለመላው ቤተሰብዎም ደኅንነትን እመኛለሁ። እኔ ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ካተረፍኩት የወገብ ሕመም በቀር ደኅና ነኝ። ወንበሩ ጠንካራ ነው። የጽሕፈት ቤትዎ ሥራ የወንበሩን ያህል ቢጸና ኖሮ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር።

ጉዳዩን ያውቁታል። ይሁን እንጂ ይህን የሚያነበው ሌላ ሰው ስለሚኖር፣ እርስዎ ያነቡታል ብሎ ለማሰብም ስላልደፈርኩ፣ ከሥሩ ላስረዳ። በጦርነቱ ጊዜ እኔና ጓደኛዬ የሜዳ ስልክ መስመር ዘርጊዎች ነበርን። መስመር ሲበጠስ አንዳችን ሽቦውን እየተከተልን ሄደን እንቀጥላለን፤ ሌላችን ስልኩ ዘንድ ተቀምጠን መስመሩ ሲመለስ ለአዛዡ እናስታውቃለን። ጠላት ሊከበን በተቃረበበት ቀን መድፍ መስመሩን በጠሰው። ተራው የጓደኛዬ ነበርና ሄደ። ሽቦው ተቀጠለ፣ ስልኩ ነፍስ ዘራ፣ እኔም «መስመሩ ሠርቷል» አልኩ። የእኔ ጀብዱ ይኸው ነው። አዛዡ በወዲያኛው ጫፍ የሰሙት የእኔን ድምፅ ስለነበር ስሜን ጠይቀው ጻፉ፤ እንድናፈገፍግም አዘዙን፤ ያ ሁሉ ሰው ተረፈ። ያፈገፈግነው ሽቦውን ተከትለን ነው፤ ጓደኛዬን መጋጠሚያው ላይ ወድቆ፣ ፒንሳውን እንደጨበጠ አገኘሁት። በራስ ቁሬ ቆፍሬ አፈር አለበስኩት።

ማታ የጓደኛዬ ስም ሲጠራ አቤት የሚል ጠፋ። መዝገብዎም እኔን «በተኩስ መሐል መስመር የቀጠለ»፣ እሱን «ግዳጁን ጥሎ የከዳ» ብሎ ጻፈን። ስህተቱን ለሻለቃው ጸሐፊ ያኔውኑ ነገርኩት። «ጦርነቱ ይለፍና ይስተካከላል» አለኝ። ጦርነቱ ካለፈ ልጆቼ ልጆች ወልደዋል።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። ሁለቱ ስለተደባለቁብኝ እርስዎ በጥበብዎ ይለዩልኝ።

አንደኛ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ በትሕትና ስላስተናገደችኝ አመሰግናለሁ። «አባባ፣ ሰው ሁሉ የሚመጣው ሜዳልያ ቀረብኝ ብሎ ነው፤ አይገባኝም ለሚል ሰው ቅጽ የለንም» አለችኝ። ባዶ እጄን እንዳልመለስ አንጀቷ አልችል ብሎ፣ የሽልማት ደረጃ ከፍ እንዲል በሚጠየቅበት ቅጽ ላይ ሞላችልኝ። ጽሕፈት ቤትዎም አይቼ የማላውቀውን ፍጥነት አሳይቶ ሜዳልያዬን በአንድ ደረጃ ከፍ አደረገው። ባለቤቴ እስካሁን ትስቃለች። እኔ ግን ሌላ ማመልከቻ ባስገባ ጄኔራል ያደርጉኛል ብዬ ሰግቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ምስክር አምጣ ተባልኩ። አዛዡ ካረፉ ቆይተዋል። እኔው ልመስክር ብል፣ ተሸላሚ በራሱ ሽልማት ጉዳይ ምስክር መሆን አይችልም የሚል ደንብ ተነበበልኝ። የምመሰክረው በራሴ ላይ ነው ብዬ ባስረዳም ሰሚ አጣሁ። ሌባ እንኳ «የሰረቅሁት እኔ ነኝ» ሲል ቃሉ ይታመናል፤ በእርስዎ ቤት ግን ጀግና ይህን ያህል ክብር የለውም።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ወር የደረሰኝ መልስ ማኅተሙም ፊርማውም እጅግ የጠራ ነው። የክህደት መዝገብ የሚሰረዘው ባለጉዳዩ ራሱ በአካል ቀርቦ ሲያመለክት ብቻ እንደሆነ ያስታውቃል። ስለ ግልጽነቱ አመሰግናለሁ።

አራተኛው ላይ መቀለድ አልሆነልኝም። ጓደኛዬን እንደ እናት ሆነው ያሳደጉት ታላቅ እህቱ አሉ፤ እትዬ እንላቸዋለን። ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከዳ የተባለ ሰው በወረቀት ላይ በሕይወት አለ፤ በሕይወት ላለ ሰው ደግሞ አይለቀስም። የወንድማቸውን መሞት ነግሬያቸው ሊያለቅሱ በተቀመጡ ቀን ጎረቤቱ «የት ተደብቆ ነው?» እያለ አሽሟጠጠባቸው፤ ተነሥተው ወደ ስፌት መኪናቸው ተመለሱ። ይኸው እርማቸውን ሳያወጡ አረጁ። «እኔ አምኜሃለሁ፤ ሰው ፊት የማለቅስበትን ወረቀት ብቻ አምጣልኝ» ይሉኛል። ሌላ የጠየቁት ነገር የለም። አንድ ጊዜ ከሰልፍ መልስ ሜዳልያውን ደረቴ ላይ አዩት፤ በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ደህና ብረት ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አላደረግሁትም። አፍራለሁ፣ ክቡር ሆይ። ዘንድሮ እትዬ ከአልጋ አልወረዱም፤ ሐኪሙም ተስፋ አልሰጠንም።

ስለዚህ የጓደኛዬ ስም ከከዱት ወጥቶ ከተሰዉት እንዲገባ፣ ሜዳልያውም በእሱ ስም እትዬ በሕይወት ሳሉ እጃቸው እንዲገባ እለምናለሁ። እኔን ከጀግንነት ቢያሰናብቱኝ ቅር አልሰኝም።

በጽሕፈት ቤትዎ ቸርነት ያለ ሥራው የተሾመ፣ ሁለቱንም ሜዳልያዎች ከነሳጥናቸው ይዞ ከደጅዎ የማይጠፋ፣ ለክብርዎ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣ፣

አንድ የቀድሞ የስልክ መስመር ዘርጊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የከዳ ወታደር ያለበትን እያወቀ የደበቀ ሰው በሕግ እንደሚጠየቅ ከግድግዳዎ ማስታወቂያ ላይ አንብቤ ደንግጫለሁ። ስለዚህ ሳልጠየቅ እጠቁማለሁ። የሚፈልጉት ሰው ከኮረብታው ግርጌ፣ ከደረቀው ወንዝ ወዲህ ማዶ፣ ብቻዋን ከቆመችው ዛፍ ሥር ይገኛል። ካስቀመጥኩበት አልተንቀሳቀሰም፤ ለመሸሽም አይሞክርም። የሚልኳቸው ሰዎች ካቴናውን ትተው አካፋ ይያዙ። በአካል ይቅረብ ያሉትም በዚያው ይሟላል። ሲያገኙት ግን እኔን ይተዉኝና መጀመሪያ ለእትዬ ይንገሩልኝ፤ የሚያለቅሱበት ጊዜ እያለቀባቸው ነው።