ድልድዩ ላይ የቆምኩበት ቅዳሜ

ይድረስ ከውቅያኖስ ማዶ ላለሽው እህቴ፣ ለእትዬ ሚላዳ።

እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ደረጃ መውጣት ቻለ ወይስ አሁንም በምርኩዝ ነሽ? ኦታካርስ እንዴት ነው፣ ያ የደም ግፊቱ ነገር ጋብ አለለት? ትንሿ ኤልሳስ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመደችው? እኛ ጋ አባባ ደህና ናቸው፤ ጆሯቸው ቢደክምም ምላሳቸው አልደከመም። ልጄ አፖሌናም ቁመቷ ትከሻዬን አልፎ ጆሮዬ ጋ ሊደርስ ነው። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ ይህን የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ቤታችን ጠባብ ነው፣ ልጅቷ ትሰማለች።

የልጅቷ አባት ሉቦሽ ከኖርዌይ ጠቅልሎ መመለሱን ባለፈው ነግሬሽ ነበር። አፖሌና አራት ዓመቷ ሳለ አያቷ ጋ ላድርሳት ብሎ ወስዷት፣ ስልኩን ዘግቶ የጠፋ ጊዜ አንቺም ገና አልሄድሽም ነበር። ቤስኪዲ ተራራ ውስጥ ካለው የአጎቱ ልጅ ቤት እስክናገኛት ድረስ እንዴት እንደነበርኩ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። «አንድ ቀን ይዣት እሄዳለሁ፣ አታገኚንም» ያለኝም ያኔ ነው። አሁን መጠጥ ከተወ ዓመታት ሆኖታል፤ ሥራም ይዟል። ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ ለከሰዓት፣ ቀጥሎ ለሙሉ ቀን፣ በዚህ ሜይ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዓርብ እስከ እሑድ ልጁን ይዞ እንዲያድር ፈቀደለት። አባትና ልጅ የት እንሂድ ሲባባሉ ሰነበቱ።

ከተማውን የመረጠችው እሷ ናት። ክሮምዬርዥ እንሂድ፣ አትክልት ቦታው ያምራል ቢላት፣ አትክልት ቦታ የጡረተኛ ነው አለችው። ሊቶሚሽልን በትምህርት ቤት ጉዞ አይታዋለች። በኋላ የጂኦግራፊ አትላሷን ዘርግታ ቴሺንን አገኘች፤ ወንዝ መሀሉን ከፍሎት ግማሹ የእኛ የቼክ፣ ግማሹ የፖላንድ የሆነውን። ድልድዩ ላይ አንድ እግሬን እዚህ፣ አንድ እግሬን እዚያ አድርጌ መቆም ነው የምፈልገው አለች። አባባ ሹካቸውን አስቀምጠው፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ባቡር ላይ ስሠራ ቴሺን የሚወርድ ሰው ባቡር ለመቀየር ነበር የሚወርደው። ለሽርሽር የሚሄድ አሁን ገና ሰማሁ» አሉ። አፖሌና በሳቅ ፈረሰች። እኔ ግን ድልድይ የሚለውን ቃል ከሰማሁ በኋላ ሰሃኔን ገፋ አደረግኩት።

ከዚያ ወዲህ ሉቦሽ በየማታው ይደውል ጀመር። በስንት ትራስ ነው የምትተኛው? ውሻ አሁንም ትፈራለች? ሾርባዋ ላይ ሽንኩርት ከታየ ትበላለች? አደባባዩ አጠገብ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ይዟል፤ ቅዳሜ ጠዋት ድልድዩ፣ ከዚያ ማዶ ያለው የቤተ መንግሥት ግንብ፣ ከዚያ ምሳ፤ እሑድ ዝናብ ከሆነ ሲኒማ። ሌላ ሰው ቢሰማው፣ እንዴት ያለ አሳቢ አባት ነው ይላል። እኔ ግን የሚያወራው ሁሉ ወደዚያ ማዶ ብቻ ሲወስድ ይታየኝ ነበር። አንድ ማታ፣ እንዳልረሳው ብሎ፣ ፓስፖርቷን ስጪኝ አለኝ።

እትዬ፣ ዋሸሁት። ጊዜው አልፎበታል አልኩት።  እሱም፣ እንግዲያው አንሻገርም፣ መሀል ላይ ቆመን እንመለሳለን አለ። ፓስፖርቱ ግን መሳቢያዬ ውስጥ ካልሲዎቼ ሥር ነበር፤ ገና ብዙ ጊዜ ይቀረዋል። ስልኩን እንደዘጋሁ አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደከተትኩት ያኔ ራሴም አላውቅም።

ዓርብ ባቡር ጣቢያ አደረስኳት፤ ሳምኳት፤ እጄን አውለበለብኩ። እነሱ መሀል ፉርጎ ሲገቡ እኔ ወደ ኋላ ሮጬ የመጨረሻው ፉርጎ ላይ ተሳፈርኩ። ካፖርትና ባርኔጣ ከቲያትር ቤታችን የልብስ ክፍል ተውሼ ነበር፤ ባለፈው ክረምት ለአንዲት መበለት ገጸ ባሕርይ የሰፋነውን ግራጫ ካፖርት። አባባ በሩ ላይ አይተውኝ፣ «ከቀብር የምትመለሽ ነው የምትመስይው» አሉኝ። የት ነው የምትሄጂው ብለው አልጠየቁኝም። በመንገዱ ሁሉ፣ ባቡሩ በቆመ ቁጥር፣ ሲወርዱ እንዳያመልጡኝ አንገቴን በመስኮት አወጣ ነበር። ኦሎሙትስ ጣቢያ ላይ ከሰው መሀል ቀይ ሻንጣ አይቼ የእሷ መስሎኝ ልወርድ አንድ እግሬ ደረጃው ላይ ነበር።

ቴሺን ስንደርስ ከእነሱ ማደሪያ ትንሽ ራቅ ብዬ፣ ወይዘሮ ሃሊና የሚባሉ ሴትዮ ቤት ክፍል ያዝኩ። ፖላንድኛና ቼክኛ እየቀላቀሉ የሚያወሩ፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴትዮ ናቸው። በዚህ ሙቀት ካፖርት መልበሴን አይተው ቁልፉን ሳይሰጡኝ በእጃቸው እንደያዙ፣ «ባልሽን ነው የምትከታተይው?» አሉኝ። ልጄን ነው አልኳቸው። «ከባል ይከፋል» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ድልድዩ ጋ ቀድሜያቸው ደረስኩ። የወንዙ ውኃ ትንሽ ነው፤ ልጅ ጫማውን አውልቆ ሊሻገረው ይችላል። ይህም አስፈራኝ። ሲመጡ አየኋቸው፤ አፖሌና ቢጫ ሸሚዟን ለብሳ እየዘለለች፣ ሉቦሽ የሷን ጃኬት ክንዱ ላይ አድርጎ። ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ መንገድ እየለቀቁ ሄዱ። መሀሉ ላይ ደረሱና ቆሙ። እግሮቿን ከፈተች፤ ሉቦሽ ፎቶ አነሳት። አበቃ፣ አሁን ይመለሳሉ ብዬ ትንፋሼን ለቀቅኩ።

አልተመለሱም። በጣቷ ወደ ማዶ አንድ ነገር አሳየችው፤ እሱም ራሱን ነቀነቀና ቀጠሉ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም።  የድልድዩ ጫፍ ላይ ሁለት ፖሊሶች አንዳንድ ሰው እያስቆሙ መታወቂያ ያያሉ፤ አንዷ ሴት ናት። እነሱን አስቆመቻቸው። ከጀርባቸው ጥቂት እርምጃ ቀርቶኝ፣ የመብራት ምሰሶ ይዤ ቆምኩ። የልጅቷስ ወረቀት ስትለው ሰማሁ። የሉቦሽ አንገት መቅላት ጀመረ። ያንን ቅላት አውቀዋለሁ፤ ድሮ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ሰሃን የሚሰበርበት፣ በር የሚገነጠልበት ቅላት ነው። አፖሌና ቀና ብላ አየችውና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸች። ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

ሉቦሽ ኮፍያውን አወለቀ። እጁን የአፖሌና ትከሻ ላይ አደረገና፣ ቀስ ብሎ፣ «ወረቀት አልያዝንም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። መሀል ላይ ብቻ ልንቆም ነበር፣ ረሳሁት። እንመለሳለን» አለ። ፖሊሷ ግን እሱንም እሷንም እያየች፣ እናቷ የት ናት ብላ ጠየቀችው። ደውልላት አለችው። ስልኩን አወጣ።

እትዬ ሚላዳ፣ ስልኬ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ጮኸ።

ሁሉም ዞሩ። ሉቦሽ መጀመሪያ አላወቀኝም፤ ካፖርቱን ነው ያየው። አፖሌና ግን አልደነገጠችም። «እማዬ፣ ስልክሽን አንሺው» አለችኝ። ሄጄ ፓስፖርቱን ለፖሊሷ ሰጠኋት። ገልጣ አየችው፣ ፎቶውንና ልጅቷን አስተያየች፣ ካፖርቴንም አየችው። ወረቀቱ ደህና ነው፣ የቀረውን ግን እናንተው ተነጋገሩበት ብላ ወደሚቀጥሉት ሰዎች ሄደች።

«ጊዜው አልፎበታል ብለሽኝ አልነበር?» አለኝ ሉቦሽ። ድምፁን አላነሳም።

«ፈራሁ» አልኩት።

«እኔስ?» አለ። «ትናንት ማታ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ተነስታ ብታለቅስ ምን እላታለሁ እያልኩ ነው ያነጋሁት።» ቀጥሎም፣ አንቺ አሻግሪያት፣ እኔ እዚህ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ፊቱ ላይ ቁጣም ተንኮልም አልነበረም። እሺ ልለው ስል አፖሌና እጄን ያዘች።

«ከኦሎሙትስ ጀምሮ አይቼሻለሁ» አለችኝ። «አንገትሽን በመስኮት አውጥተሽ። እማዬ፣ እኔ ከአባዬ ጋር ስሆን አልፈራም ነበር። አንቺን ከኋላ ሳይሽ ግን፣ የሆነ መጥፎ ነገር ሊመጣ ነው ብዬ መፍራት ጀመርኩ። ትናንት ማታ ያልበላሁትም ለዚያ ነው። እሱ ምግቡ አልጣማትም ብሎ ሌላ ሊያዝልኝ ነበር።»

 ፓስፖርቱን ሉቦሽ እጅ ላይ አስቀመጥኩ። ሂዱ አልኳቸው። ቢጫ ሸሚዟ ከሱቆቹ መሀል ገባ፤ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም። በእኛ በኩል ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ዓይኔን ድልድዩ ላይ ተከልኩ። ማዶ አውቶቡስ ሲነሳ ወደ ካቶቪትሴ ይዟት ሄደ እላለሁ። የጀርመን ታርጋ ያለው መኪና ሲያልፍ የኋላውን ወንበር ለማየት እነሳለሁ። በገዛ እጄ ሰጠሁት፣ በገዛ እጄ፣ እያልኩ ብቻዬን አወራ ነበር። እስከ ምሳ እንመለሳለን ብለው ነበር። የምሳ ሰዓት መጣ፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል ከሁለቱም በኩል ተደወለ፤ አልመጡም። ስልኬን አወጣለሁ፣ ያለችኝን አስባለሁ፣ መልሼ እከተዋለሁ። ካፖርቱን አላወለቅኩትም።

ወይዘሮ ሃሊና ከማዶ ገበያ ሽንኩርት ይዘው ሲመለሱ አዩኝና አጠገቤ ተቀመጡ። አላጽናኑኝም። ልጅ ሳሉ አክስታቸው ማዶ ትኖር እንደነበር፣ ድንበሩ ሲዘጋ ከዚህ ሆነው ልብስ ስታሰጣ ያዩዋት እንደነበር፣ እናታቸውም በየእሑዱ ወንዙ ዳር መጥተው ይቆሙ እንደነበር ነገሩኝ። «ምን ይጠብቁ ነበር?» አልኳቸው። «ምንም። ግን ቤት ቁጭ ብሎ መፍራት አቃታቸው» አሉኝ።

ድልድዩ ላይ የማላውቀው ሰው ሁሉ አለፈ። ልነሳና ፖሊሷ ጋ ልሄድ ስል ከጀርባዬ አንድ ነገር ትከሻዬን ነካኝ፤ ጮህኩ። አፖሌና ናት። ለካ ዝቅ ብሎ ሌላ ድልድይ አለ፤ በዚያ ነው የተመለሱት። እኔ የማይመጡበትን ድልድይ ስጠብቅ ነው የዋልኩት። ግንቡ ላይ ወጥተው፣ ዳቦ ላይ የተነባበረ ጥሬ ዓሣ በልተው፣ አፏ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ስትስመኝ ጠበቅ አድርጌ ያዝኳት። ሉቦሽ ራቅ ብሎ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ምሳ አብረሽን ብዪ አለኝ። አይ፣ ባቡሬ ደርሷል አልኩት። አልደረሰም ነበር። ከዚህ በላይ ብቆይ ጥያት መሄድ እንደማልችል ስላወቅኩ ነው።

ያን ከሰዓት ብቻዬን ወደ ቤት ስመለስ፣ ካፖርቱን ጭኔ ላይ አጣጥፌ፣ በመስኮት አንዴም ወደ ውጭ አላየሁም። እሑድ ማታ ሉቦሽ ይዟት መጣ። ቦርሳዋን አቀበለችኝና ዞራ እሱን አቀፈችው። አባባ መረቅ አሙቀው ጠበቋት፤ እስክትጠግብ በላች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ትናንት ሉቦሽ ደወለ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ኖርዌይ ሊወስዳት ይፈልጋል፤ የሠራበትን ወደብ፣ ፀሐይ የማትጠልቅበትን አገር ሊያሳያት። ለሁለት ሳምንት። በአውሮፕላን።  እሺ አልኩት። ከዚያ ወዲያ እህል አልቀመስኩም።  እትዬ፣ እባክሽን ተዪው፣ አትላኪያት ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። አንዲት ቃል ካንቺ ካየሁ ቃሌን አጥፋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ከፈለግሽ አብረሽኝ ፍሪ።

ኦታካርን መድኃኒቱን እንዳይረሳ ንገሪልኝና ሳሚልኝ። ኤልሳን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የላከችው ሥዕል ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። ትልቁን ልጅሽን ይንድራን፣ አክስትህ ጢምህን በፎቶ አይታ ሳቀች በይው። አባባ ሚላዳዬ ጉልበትሽን አታስቸኩዪው ብለዋል፤ ደብዳቤው ውስጥ ምን እንዳለ ቢጠይቁኝም አልነገርኳቸውም፣ የሚያውቁ ይመስለኛል። አፖሌና አሁን ከጎኔ መጥታ አንገቴን አቅፋለች፤ ለአክስቴ ሰላም በያት ትላለች፤ ወረቀቱን በእጄ ሸፍኜባታለሁ።

ታናሽ እህትሽ ብላንካ
ፓርዱቢትሴ፣ ጁን 2 ቀን 2024