የሀቢባ ግቢና የእኛ የንፋስ ማሽን

ማክሰኞ፣ ጥር 12። ማንያታ ሰፈር።

ዛሬ በጉዮ ንድድ ብያለሁ። ባሌ ቢሆንስ ስንቱን ልቻለው! መብራት በጠፋ ቁጥር ፍሪጅ ውስጥ ያለው የግመል ወተቴ ይበላሻል፤ ደንበኞቼም እየሸሹኝ ነው። ስለዚህ በንፋስ መብራት የሚያመነጭ ማሽን ይኑረን አልኩ። የሰፈራችን ፉንዲ፣ ብረት በያጁ፣ ከአሮጌ የመኪና ዲናሞ በይዶ ይሠራልናል፤ ቢበላሽም እዚሁ ይጠግነዋል። ጉዮ ግን ከናይሮቢ ካልተገዛ ብሎ ድርቅ አለ። ያኛው ሲሰበር ዕቃው ከየት ሊመጣ ነው?

"በእጅ የተሠራው በየወሩ ግራሶ ይፈልጋል" አለኝ። "ግራሶ ሊቀባ ማሽኑ የሚሰቀልበት ምሰሶ ላይ የወጣ ሰው ደግሞ የጎረቤታችንን የሀቢባን ግቢ ቁልቁል ያያል። ሴቶች በሚታጠቡበት! ባሏ አይሆንም ብሏል። የተገዛው ግን ዓመት ሙሉ ማንም አይወጣበትም።"

ሁለት ወንዶች ተቀምጠው ስለ ሴት መታጠቢያ ይወስናሉ! ሀቢባን ማን ጠየቃት? ብድግ ብዬ ሄድኩና ጠየቅኳት።

"ግራሶውን የሚቀባው ማነው?" አለችኝ።

"እኔ ነኛ!"

"በዚህ ሰውነትሽ?" ሳቋ አልቆም አለ። "አንቺ ከሆንሽማ ምን ቸገረኝ እህቴ፤ ጀርባዬን ስታሺልኝ ኖረሽ የለ! እንዲያውም እዚያ ላይ ስትወጪ፣ የእኔ ሰውዬ ማን ቤት ጫት እንደሚቅም እይልኝ።"

ከንዴቴ መሃል ደስታ ፈነቀለኝ። ከእሷ ቤት በቀጥታ ፉንዲው ጋ ሄጄ ሥራውን አስጀመርኩት። ምሰሶው ላይ ለእግሬ የሚሆን ሰፋ ያለ መወጣጫ እንዲበይድልኝም ነገርኩት።

ጉዮ ራት እየበላ የናይሮቢውን ማሽን ሲያወድስ ዝም አልኩት። እኔ ዝም ስል ደግሞ ይፈራል። ይፍራ!