ያልፈራሽውን ፍርሃት ስለ መጻፌ

ለምወድሽ፣ ለማከብርሽና፣ ሐቁን ልናገርና፣ ለምፈራሽ እትዬ፦

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ከሁሉም በላይ ድምፅሽ እንዴት ነው? ስለ ድምፅሽ መጠየቄ አይግረምሽ፤ እሱ ከታመመ ሰፈሩ በሙሉ ታመመ ማለት ነው። የእማዬ ዓይንስ? መነጽሯን ማድረግ ጀመረች ወይስ አሁንም ለእንግዳ እንደሚወጣ ሳህን ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች? ጋሼ ባልሽስ፣ ማንኮራፋቱን ቀነሰ? እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስል በላሁ፣ ለበስኩ ማለቴ ነው እንጂ እንደሚቆላ ሽንብራ መንጣጣት ከጀመርኩ አምስት ቀኔ ነው። እስከዚህች መስመር ድረስ እንኳ ሦስቴ ተነሥቼ መስኮት ከፍቻለሁ፤ ሦስቴም ዘግቻለሁ።

እስከ ዛሬ ሥራዬን «ቢሮ ነው» ብቻ እያልኩ ሸፋፍኜብሻለሁ፤ አሁን ልናዘዝ። መሥሪያ ቤታችን ከጎማ ጠጋኙ በላይ ያሉ ሦስት ክፍሎች ናቸው። ታች ጎማ ይነፋል፣ ላይ እኛ ሪፖርት እንነፋለን። የሰብአዊ መብት ማኅበር ነን። ሊቀመንበራችን አለ፤ ያቺን ቃል ሳይጠራ ውኃ ስለማይጠጣ «ራዕይ» እንለዋለን። ጠበቃዋ አለች። ጸሐፊው ደግሞ እኔ ነኝ። ደመወዛችንን፣ መብራታችንን፣ ጠበቃዋ ፍርድ ቤት የምትመላለስበትንም የሚሸፍንልን ሩቅ አገር ያለ የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን ነው። ዲሞክራሲና ሰብአዊ መብት እንዲያብብ ይረዳል። ደግ ነው፣ እግዜር ይስጠው። ብቻ ደግነቱ ቅጽ አለው።

የዘንድሮው ቅጽ አሥራ ዘጠነኛ ጥያቄ፣ በሥልጠናችን ሕይወቱ የተለወጠ የአንድ ሰው ታሪክ «በፊት» እና «በኋላ» ተብሎ ይጻፍ ይላል። ሠልጣኞቻችንን አንድ በአንድ አስታወስኳቸው። አብዛኞቹ የመጡት ለምሳው ነው፤ አንደኛው እንዲያውም ሁለቱንም ቀን ተኝቶ የነቃው የምስክር ወረቀቱ ሲሰጠው ነው። ጠበቃዋ የምትከራከርላቸው ሰዎች ደግሞ ስማቸው እንዲነሣ አይፈልጉም፤ አይፈረድባቸውም። ራዕይ «ዛሬውኑ ይላካል፣ የተለወጠ ሰው አምጣ!» እያለ አናቴ ላይ ቆሟል። ያኔ አንቺ ትዝ አልሽኝ።

ያ «ዘላለማዊው» የምትሉት የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ማንም ሳይመርጠው አሥራ አንድ ዓመት የቧንቧውን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲኖር፣ አንቺ አንድ ማለዳ በርሜልሽን ቧንቧው ሥር ደፍተሽ ተቀመጥሽበት። «ሳንመርጥ አንቀዳም፤ የጠማው ይምረጥ!» አልሽ። «አንቺ ሴትዮ፣ ተነሺ!» ቢልሽ «አንተ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጠህ የለ? እኔ ገና አሁን መቀመጤ ነው» አልሽው። ቀትር ሳይሆን መረጣችሁ። ይህን እንዳለ ጻፍኩት።

እስከዚህ ሐቅ ነው። «በፊት» በሚለው ሣጥን ውስጥ ግን «ሰው ፊት ለመናገር የምትፈራ፣ ዓይኗን ከመሬት የማትነቅል ምስኪን ሴት» አደረግኩሽ። አትቆጪ! ማለቴ፣ ተቆጪ፣ ግን መጀመሪያ አንብበሽ ጨርሺ። ከዚያ በእኛ የሁለት ቀን ሥልጠና ዓይንሽ ተገለጠ ብዬ ጻፍኩ። አንቺን! ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ የገረፈኝን አስተማሪ ተማሪ ፊት ይቅርታ ያስጠየቅሽውን! ከእኔ ቢሮ መሆኑን ሳልነግርሽ የሥልጠናችንን መጥሪያ ባስልክልሽ እሳት ያቀጣጠልሽበትን!

ፋውንዴሽኑ ታሪኩን ወደደው። ከመውደዱ የተነሣ በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ሁለት ሰዎች ልኮ አንቺኑ ሊያነጋግር ነው። ከዚያ በፊት «የራሴ ቃል ነው» ብለሽ የፈረምሽበት ገጽ ይድረሰን አሉ። ራዕይ ክንፍ አወጣ። «እህትህ አይደለች እንዴ? እፈራ ነበር ብትል ምን ይጎድልባታል?» አለኝ። እኔም፣ አልዋሽሽም፣ ገጹን በአንቺ ስም ሞልቼ፣ «እትዬ፣ እዚህች ጋ ፈርሚልኝ» የሚል ብጣሽ ወረቀት ጽፌ ነበር። ድጋፉ ከቆመ መጀመሪያ የሚዘጋው የጠበቃዋ ክፍል ነው። በየጠዋቱ ደረጃችን ላይ አንዲት ሴት ትቀመጣለች፤ ባሏ ከታሰረ ሰባት ወሩ ነው። ጠበቃዋ ከቀረች የሚቆምለት የለም።

ፖስታውን ሳሽግ ጠበቃዋ ገባች። ገጹን አንሥታ አነበበችና መነጽሯን አወለቀች። «እህትህ ይህን ብላለች?» አለችኝ። «ባትልም ትፈርማለች» አልኳት። «የደረጃዋ ሴትዮ ባል በምን እንደታሰረ ታውቃለህ? ሌላ ሰው የጻፈለትን ቃል ፈርም ብለው በግድ ስላስፈረሙት ነው። ሰባት ወር ሙሉ ዳኛ ፊት የምጮኸው ይህንኑ ነው። አንተ ደግሞ እዚሁ አጠገቤ፣ ለገዛ እህትህ ቃሏን ጽፈህ ታስፈርማለህ!» አለችኝና ወጣች። በሩን እንኳ በኃይል አልዘጋችውም፤ ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር።

ገጹንም ብጣሹንም ቀደድኩ። ለፋውንዴሽኑም «ታሪኩ የእህቴ ነው፣ ሥልጠናችን ግን እጁ የለበትም፤ እሷ ከእኛ የተማረችው ነገር የለም» ብዬ ጻፍኩ። ጠበቃዋ በእውነት የምትሠራውን፣ የማንንም ስም ሳልጠራ፣ ከሥሩ ዘረዘርኩ። እስካሁን መልስ የለም፤ መስኮት የሚያስከፍተኝ የሚያስዘጋኝም ይኸው ነው። ራዕይ ምንም ሳያውቅ ከግድግዳው ማዶ የእንግዳ መቀበያ ንግግሩን ይለማመዳል። ይህን ፖስታ ቤት አድርሼ ስመለስ እነግረዋለሁ። አስቀድሜ ብነግረው ደብዳቤውን ያስቀርብኛል።

ከዚህ ጋር የላክሁልሽ ገጽ ባዶ ነው። ከላይ የስምሽ፣ ከታች የፊርማሽ ቦታ አለ፤ መሃሉ የአንቺ ነው። ካሻሽ ጻፊበት፤ ካላሻሽ ባዶውን መልሺው፣ ባዶውን ለፋውንዴሽኑ እሰጣለሁ። ሰዎቹ ቢመጡም ያሰኘሽን ተናገሪ። ስለ እኔ ያለሽን ስድብ ግን ለእነሱ አታባክኚው፤ በቀጥታ ለእኔ ላኪልኝ፣ ቅጽ አያስፈልገውም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ መነጽሯንም አድርጋ ይህን ታንብብ፣ ልጇን በግልጽ ትየው። ጋሼን ሰላም በይልኝ፣ ከነቃ። ትልቋን ልጅሽን አንቺን መምሰሏን እንዳትተው ንገሪልኝ። አሁን እንደ ሰው ተሰልፎ የሚቀዳውን ዘላለማዊውንም ሰላም በዪው፤ ሰው ሲለወጥ በዓይናችን ያየነው እሱን ብቻ ነው፣ እሱንም ያሠለጠንሽው አንቺ ነሽ።

ሳያስፈቅድ ያስፈራሽ ወንድምሽ

ከጎማ ጠጋኙ በላይ፣ ማክሰኞ፣ እንግዶቹ ሊመጡ ዘጠኝ ቀን ሲቀራቸው።