የተቀበረው ብልቃጥ

ጥቅምት 6
ጥቅምት ብርድ ነው ያለው ማነው? ሸዋ ሮቢት መጥቶ ይይ! መብራት የለም፤ ቬንትሌተሩም ቆሟል። እንደ ወትሮው ጥርስ ስነቅል ዋልኩ።
ከሰዓት ጋሼ አብዱልሃዲ ከጀውሃ መጡ፤ መንዙማ የሚያዜሙት ሽማግሌ። ምላሳቸው ላይ ጠጠር ያለች እብጠት... ከማሾ ፍሬ ትንሽ ከፍ የምትል። አታምም።
"ካንሰር ነው፣ ምላስህ ይቆረጣል አሉኝ። ነቢን በምን ላወድስ፣ ዶክተር?"
አንጀቴን በሉት። ተማሪ እያለሁ በሥዕል ያየኋት ብርቅ እጢ ትዝ አለችኝ፤ ክፉ ያልሆነች። ትሆን? በዓይን አይለይም...

ጥቅምት 8
አወጣኋት! ከነዙሪያዋ። እጄ ንቅንቅ አላለም። ጎበዝ ጸደንያ!
ፎርማሊን ባለው ብልቃጥ ከድኜ ለልጃቸው ለበድሩ ሰጠሁት። ነገ አዲስ አበባ፣ ላብራቶሪ ያደርሳል። ምንነቷ የሚለየው እዚያ ነው።

ጥቅምት 17
ላብራቶሪ ደወልኩ። "አልደረሰንም።" ምን?! በድሩ ስልኩን ዘግቷል። ሚኒባስ ይዤ ጀውሃ ከነፍኩ። የጋሼ ባለቤት እትዬ ነዒማ በር ላይ ተቀበሉኝ።
"ብልቃጡስ?"
"ቀበርኩታ።"
"ምን አሉኝ?"
"የሰው ገላ አይደል እንዴ፣ ልጄ? ሜዳ ይጣላል? ቢስሚላህ ብዬ ጓሮ ቀበርኩት።"
ለካ የቀበሩት ያን ማታ በድሩ ተኝቶ ሳለ ነው። ሲነቃ እናቱን አስቆፍሮ ማውጣት አፈረ፣ እኔን ደግሞ ፈራ። ጉድ እኮ ነው!
ልጮህ ስል ጋሼን አየኋቸው... ጥግ ላይ ኩርምት ብለዋል። ንዴቴ ብን አለ።
"እትዬ ነዒማ፣ እሱ ካልተመረመረ ጋሼን ምን እንደያዛቸው አናውቅም።"
"ያ አላህ!" ዶማ አንስተው ራሳቸው ቆፈሩ። ብልቃጡ ከነክዳኑ ደህና! ጠብታ አልፈሰሰም። አቅፌ ሳምኳቸው። በድሩንም ብልቃጡን አስይዤ፣ ዓይኔ እያየ የአዲስ አበባ መኪና ላይ ጫንኩት።

ጥቅምት 24
መልስ የለም። ካንሰር ከሆነስ? ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?

ኅዳር 2
አይደለም!!! ካንሰር አይደለም! ያቺው ብርቅ እጢ ናት፤ ሙሉ በሙሉም ወጥታለች። ሌላ መቁረጥ የለም።
ደወልኩላቸው። ጋሼ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ..." እኔም አለቀስኩ። ምን አፍራለሁ?

ኅዳር 13
ጀውሃ ተጠርቼ ዋልኩ። በግ ታርዷል፤ ለእኔ ደግሞ ዶሮ በክርስቲያን ጎረቤት አሳርደው ለብቻ አሠርተውልኛል። እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው!
የጋሼ ድምፅ... ለካ እንዲህ ነው! ድቤው ሲደምቅ ድንገት አቆሙና ጠቆሙኝ።
"አላህ ይህን ምላስ ያቆየልኝ በዚህች ልጅ እጅ ነው!" ብለው ምላሳቸውን አውጥተው ለሰው ሁሉ አሳዩ። ቤቱ በሳቅና በእልልታ ተናጋ።
አጠገቤ ያሉት አሮጊት "እስቲ የኔንም እይልኝ" ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ጎረቤታቸው፣ ከዚያ ድቤ መቺው... ቤቱ ሙሉ አፉን ከፈተልኝ! የስልኬን መብራት አበራሁ።
"ኧረ ተራ ያዙ!"