ለሰሚራ ማሽን የሚሆን ጎማ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

የመኪና ማጠቢያ ማሽኑ የውሃ ጎማ አብጧል። ትናንት አይሱዙ የረገጠው ቦታ ላይ ነው ያበጠው። አብዲ የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጦ ጠቀለለበትና በሽቦ አሰረው። ማሽኑ ሲነሳ ከማሰሪያው ሥር እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ወጣ። አብዲ በመዳፉ ሊደፍነው ሲል ሮጬ ማሽኑን አጠፋሁት።

“ምን ሆንክ አንተ? ውሃ እኮ ነው” አለኝ።

ውሃ ነው። ግን ጭቃን ከነቀለሙ የሚልጥ ውሃ ነው። ሰሚራ ነግራኛለች፤ እንዲህ ያለ ውሃ ቆዳ በስቶ ይገባል። ከላይ የመርፌ ቀዳዳ ይመስላል፣ ውስጡን ግን እጅ እስከማስቆረጥ ያደርሳል። የሚያፈስበትን ቦታ የምትፈልገው በካርቶን ነበር፣ በእጇ አይደለም።

ሰሚራ ታላቅ እህቴ ናት። ላቫጆውን ከአብዲና ከጫልቱ ጋር የከፈተችው እሷ ናት። ታማ ከሞተች አራተኛ ወሯ ነው። አሁንም “ናት” ብዬ ጻፍኩ። ይሁን።

ቅዳሜ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ስንዴ አጭደው የጨረሱ ኮምባይነሮች ከዲክሲስ ለእጥበት ይመጣሉ። ሁለተኛ፣ አብዲና ጫልቱ በሰሚራ ቦታ ማን እንደሚገባ ይወስናሉ። አብዲ የአጎቱን ልጅ ይፈልጋል። እኔ ራሴን እፈልጋለሁ፣ ግን አልተናገርኩም። ገና አስራ አንደኛ ክፍል ነኝ። ከትምህርት በኋላ የምረዳቸውም ማንም ሳይጠራኝ ሄጄ ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

አብዲ ከአባቱ ቤት የስንዴ መድኃኒት መርጫ ጎማ ይዞ መጣ። ቢጫ፣ ረጅም፣ ጉዳት የሌለበት። እዚህ ስንዴ የሚያመርት ሰው ቤት ሁሉ አይጠፋም። ጫልቱም ደስ አላት።

ጎማው ላይ የታተመውን አነበብኩ። 60 ባር ይላል፣ የሚችለው ግፊት ማለት ነው። ማሽኑ ላይ 200 ተጽፏል። ነገርኳቸው።

“አባቴ ስድስት ዓመት ረጭቶበታል፣ አንድ ቀን አልፈነዳም” አለ አብዲ።

መርጫውና ይሄ ማሽን ጉልበታቸው አንድ አይደለም አልኩ። ፕሮፌሰር አለኝ። ጫልቱ ሳቀች። እሺ እንሞክረው፣ ግን ማንም በእጁ አይዘውም አልኩ። ድፍረቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ጎማውን መሬት ላይ ዘረጋሁና አሸዋ የሞሉ ጆንያዎች ጫንኩበት። ውሃ የሚረጨውን ሽጉጥ ምላጩን ሳልስብ ከምሰሶው ጋር አሰርኩት። ሦስታችንም ማብሪያው ካለበት ከግንቡ ጀርባ ቆምን። አብዲ እያጉረመረመ ማብሪያውን ተጫነ።

አስር አልቆጠርኩም። ጎማው መጋጠሚያው አጠገብ ፈነዳ፣ ጫፉ ተነስቶ ግድግዳውን ገረፈው። የግድግዳው ልስን ረገፈ። ጫልቱ በኦሮምኛ ፈጣሪዋን ጠራች። አብዲ ምሰሶው አጠገብ ያለውን ቦታ አየው። ሁልጊዜ ሲያጥብ የሚቆመው እዚያ ነው።

ቆይቶ “ነገ አንተ ሂድና አዲስ ጎማ ምረጥ” አለኝ።

እኔ። እኔ ልምረጥ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ሰሚራ ታደርግ የነበረውን እንዳልረሳ ክፍል ውስጥ ደብተሬ ጀርባ ላይ ጻፍኩት፦

ባሩ ከማሽኑ ባር ይበልጥ። እኩል አይበቃም።
ውስጡ የተጠለፈ የብረት ሽቦ ይኑረው።
አሮጌውን መጋጠሚያ ይዞ መሄድ። ጥርሱ ካልገጠመ በግድ አለማጥበቅ።
ጽሑፍ የሌለው ጎማ አይገዛም፣ ሻጩ ቢምልም።

መለዋወጫ መደብር ሄድኩ። ባለቤቱ ሽማግሌ ሐጂ ናቸው። ሁለት ጥቁር ጎማዎች አወጡልኝ፣ ሲያዩአቸው መንታ ናቸው። አንዱ ላይ ምንም አልተጻፈም። ሌላውን እያገላበጥኩ ቆየሁ።

“አንተ ልጅ፣ ልትገዛ ነው ወይስ ልታነብ?”

“ሁለቱንም ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

ሳቁ። 250 ባር የሚለውን መረጥኩ። ሠላሳ ሜትሩን ልወስድ ነበር፣ የኮምባይነሩን ዙሪያ ያዳርሳል ብዬ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ሲረዝም ግፊቱ ይደክማል፣ መንኮራኩር ሥርም ይገባል። ሃያውን ወሰድኩ። ጥርሱ ገጠመ።

ሐጂ ሲጠቀልሉልኝ ቀና ብለው አዩኝና “የሰሚራ ወንድም ነህ እንዴ? እሷም እንዲሁ ታደርቀኝ ነበር፣ አላህ ይዘንላት” አሉኝ።

ባጃጅ ውስጥ ጎማውን አቅፌ አለቀስኩ። ሹፌሩ ሬዲዮውን ቀነሰልኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ጎማውን ገጠምነው። በካርቶን ዙሪያውን ፈተሽኩት፣ የትም አያፈስም። የፊዚክስ ፈተና አልሆነልኝም። እማዬ ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍት የምሄድ ይመስላታል። ሰሚራ የሞተችው ታማ ነው፣ ላቫጆው ምንም አላደረጋትም። እማዬ ግን በዚያ በኩል እንኳን ማለፍ አትፈልግም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ሦስት ኮምባይነር። ሦስት! ገለባ፣ ግሪስ፣ የደረቀ ጭቃ። የኮምባይነሮቹ ባለቤት ኦቦ ጉታ፣ ይህን የሚያክል ማሽን የሚያጥበው ይሄ ቀጭን ልጅ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አብዲ “ቀጭን ነው፣ ግን አለቃችን ነው” አላቸው። ሲያሾፍ ነው። ቢሆንም።

ጎማው አልተጣመመም፣ መንኮራኩር ሥርም አልገባም፤ ኮምባይነር በተንቀሳቀሰ ቁጥር አንዳችን አነሳነው። ስንጨርስ አብዲ ማሽኑን አጠፋና ጎማውን ሊፈታ እጁን ሰደደ። አፌን ልከፍት ስል ራሱ ቆመ። መጀመሪያ ምላጩን ስቦ የቀረውን ግፊት አስወጣ፣ ከዚያ ፈታ። ምንም ሳልናገር!

ከዚያ ተቀመጥን። እኔ ውጪ ልጠብቅ ብል ጫልቱ ቁጭ በል አለችኝ። የአብዲን የአጎት ልጅ ስም አብዲ ራሱ አላነሳውም። በሰሚራ ቦታ መግባት እፈልጋለሁ አልኩ።

“ቦታው ያንተ ነው” አለች ጫልቱ። “ግን አስራ ሁለተኛን ሳትጨርስ አይሆንም። እስከዚያ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ትመጣለህ። በሌላ ቀን ካየሁህ በዚሁ ውሃ ነው የማባርርህ።”

“ሰው ላይ አይነጣጠርም” አልኳት። ሦስታችንም ሳቅን።

እናቴ ግን መስማማት አለባት አሉ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ለእማዬ ነገርኳት። ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ስለዋሸኋትም። እጆቼን ይዛ አገላብጣ አየቻቸው፣ ጣት በጣት።

“ቢፈነዳስ?”

እንዳይፈነዳ ምን እንደማደርግ አንድ በአንድ ነገርኳት። ስለ ባሩ፣ ስለ ሽቦው፣ ስለ ካርቶኑ። መሃል ላይ ማልቀስ ጀመረች፣ ግን ቀጥል አለችኝ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

እሺ አላለችም። እምቢም አላለችም። ወደ ላቫጆው ልወጣ ስል ከኋላዬ ጠርታ፣ ስመለስ ቦቲ ጫማዬን ደጅ አጥቤው እንድገባ ነገረችኝ።