ለሐዘን የተፈቀደ ሽርሽር

ሰኔ 30፣ 1975፣ ሐሙስ

ካርድ ተሰጠ። አምሳል ከስልሳ አራት ተማሪ ሁለተኛ ወጣች። አዳሙ ካርዱን ገልብጦ ጀርባውን ሁሉ አየው። ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም፣ ድንጋጤ እንጂ። ጥቅምት ላይ «ከአንድ እስከ ሦስት ከወጣሽ አዲስ አበባ ወስጄ በመብራት የሚዞሩት ፈረሶች ላይ አስቀምጥሻለሁ» ብሏት ነበር። ያኔ ሠላሳ ዘጠነኛ ነበረች። ተማምኖ ነው የማለላት። ባሌ የጂኦግራፊ አስተማሪ እንጂ ነቢይ አይደለም።

ልጅቷ ልብሷን አጣጥፋ ቦርሳ ውስጥ ከተተች፣ ቦርሳውን በሩ ሥር አኖረችው። እየተሻገርነው ነው የምንወጣ የምንገባው። ስምንት ዓመቷ ነው። ይሄን ቃል ካጠፍን ሌላ ቃል የምታምነን አይመስለኝም።

ታናሽ ወንድሟ ክንዱ አራት ዓመቱ ነው፤ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ፈረሶቹ ይናከሳሉ?»

ሐምሌ 1፣ ዓርብ

ከጎንደር መውጫ የይለፍ ወረቀት ላወጣ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው አቶ ሰጠኝ ቅጹን ዘረጋ። የጉዞ ምክንያት? «ለመዝናናት» አልኩ። ብዕሩን አስቀመጠ።

«ለምን?»

«ለመዝናናት። ልጆቹን ላጫውት።»

«ወይዘሮ መንበረ፣ እዚህ ያለው ሥራ፣ ሕክምና እና ሐዘን ነው። መዝናናት የሚባል የለም።»

እኔም ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው የምሠራው፤ ቅጽ ላይ የሌለ ነገር በዓለም ላይም እንደሌለ አውቃለሁ። አስቤ አይደለም... አፌ ነው ያመለጠኝ። «እንግዲያስ ሐዘን ይሁን» አልኩ።

«ማን ሞተ?»

አዲስ አበባ ያለኝ አንድ ዘመድ ነው። የእናቴ ወንድም፣ አያ ላቀው። ገደልኩት።

«እግዜር ያጽናሽ» አለኝ ሰጠኝ፤ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሦስት ባለ ጢሞች ቀና ብሎ አየና ድምፁን ቀነሰ። ማኅተሙን መታ።

ለአዳሙ ነገርኩት። «ሌላ ሰው አትገድይም ነበር?» አለ። ከማን አማርጬ?

ሐምሌ 2፣ ቅዳሜ

ሰጠኝ የእድራችንም ጸሐፊ መሆኑን እንዴት ረሳሁት?

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደጃችን ድንኳን ተተከለ። ንፍሮ መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ገባ። መጀመሪያ እንባ እምቢ አለኝ። በኋላ የገባሁበትን ጉድ ሳስበው ራሱ መጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ምናለ መጥቶ አብዮታዊ ሐዘኑን ገልጾ ሄደ። ሲወጣ ይለፉን አይቶ «በሐዘን እንኳን መቀለድ የጀመሩ አሉ፤ አንድ ሰው በሐሰት ወጥቶ አሁን እስር ቤት ነው» አለኝ። አመሰገንኩት።

ከለቀስተኛው አያ ላቀውን በዓይኑ የሚያውቀው የለም ብዬ ነበር። ጎረቤታችን ወይዘሮ አየለች ግን ደረቷን እየመታች ገባች። እናቷ ምጥ ላይ ሳለች አያ ላቀው የጫነውን እህል ማክሰኝት ላይ አራግፎ፣ በጭነት መኪናው ሆስፒታል አድርሷታል። አየለች የተወለደችው በዚያ ሌሊት ነው። ይሄንን አላውቅም ነበር።

አምሳል ጥግ ይዛ ታየኛለች። «ውሸት ኃጢአት ነው ብለሽኝ አልነበር?» አለችኝ ቀስ ብላ። ንፍሮ ብዪ አልኳት።

ሐምሌ 3፣ እሑድ

የሆነው ሁሉ ቢሆን ይሄ ባልሆነ።

አየለች ኮሶዬ መልእክት ልካ ኖሯል። አክስቴ እቴነሽ በደባርቁ አውቶቡስ መጣች። የአያ ላቀው ታላቅ እኅት ናት። በአባታቸው መሬት ተጣልተው አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። «ዓይኑን አላይም» ብላ ምላለች። መሬቱ በ67 የሰፊው ሕዝብ ሆነ፣ እነሱ ግን ጠቡን አልለቀቁም። እኔ ደግሞ ብትሰማም አትመጣም ብዬ...

ጥቁር ለብሳለች። ፊቷን ነጭታዋለች። ድንኳኑ መሃል ቆማ እንዲህ አለች፦

አኩርፌህ ብቀመጥ ታረቂኝ እንድትለኝ፣
ቀድመኸኝ ሄድክና ኩርፊያው ብቻ ቀረኝ።

ወንዱም ሴቱም ተንሰቀሰቀ። ልነግራት እጇን ይዤ ጓዳ አስገባኋት። ሰጠኝ ንፍሮ ፍለጋ ተከትሎን ገባ። እሱ ሲወጣ ሌላው ገባ። ብነግራትስ? እልል ትላለች፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ይሰማል፣ በማግስቱ እኔ የለሁም። አልነገርኳትም። ማታ ጎንበስ እንዳለች ወደ ኮሶዬ ተመለሰች።

ፈራሁ። አፈርኩም። ሁለቱም እኩል ናቸው።

ሐምሌ 5፣ ማክሰኞ

ተነሣን። ቮልስ መኪናችን ሞልታለች። ልጆቹ «ኬላ ላይ ጭጭ» ተብለዋል። አምሳል ጭጭ ማለት ትችላለች።

አዘዞ ኬላ ላይ ወታደሩ ወረቀቱን አነበበና ወደ ኋላ ወንበር አጎንብሶ አየ። ክንዱ ኳሱን አቅፎ «አያ ላቀው አልሞተም፤ ፈረስ ላይ ልንወጣ ነው» አለው።

አዳሙ መሪውን ጨበጠ። እኔ ጸሎት ጀመርኩ።

ወታደሩ ወረቀቱን አጠፈ። «ልጅ መች ይገባዋል...» አለ። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ለክንዱ ብስኩት ሰጥቶ ገመዱን አወረደልን።

እውነቱን ብንናገር ኖሮ አያሳልፈንም ነበር። ወይስ እውነቱን ተናግረን ነው ያለፍነው?

እስከ ባሕር ዳር «ደረስን?» አርባ አንድ ጊዜ። አምሳል ነች የቆጠረችው።

ሐምሌ 6

ደብረ ማርቆስ አደርን። ዝናብ። ክንዱ አልጋው ላይ ሸና። አልጋው የሆቴሉ ነው።

ሐምሌ 7፣ ሐሙስ

አዳሙ ለዐባይ በረሃ ካርድ ከተሰጠ ጀምሮ ተዘጋጅቶ ነበር። አፋፉ ላይ ቮልሷን አቆመና ስለ ድንጋዩ ዕድሜ መናገር ጀመረ። አምሳል አስመለሳት። ክንዱ እሷን አይቶ አስመለሰው። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ድልድዩ አጠገብ አዳሙን ራሱን አስመለሰው። ከዚያ በኋላ ስለ ድንጋዩ ያነሣ የለም።

አመሻሽ ላይ ጉለሌ ገባን። አያ ላቀው ብቻውን ነው የሚኖር፣ ጡረታ ከወጣ አምስት ዓመቱ። አረጀ። በደስታ የሚያደርገው ጠፍቶት ወንበሩን ከዚህ አንሥቶ እዚያ ያደርጋል። እንዴት እንደምነግረው በመንገድ ሁሉ ሳሰላስል መጥቻለሁ። ክንዱ ቀደመኝ።

«አያ ላቀው፣ አንተ እኮ ሞተሃል።»

ዘረዘርኩለት። ቅጹን፣ ሰጠኝን፣ ድንኳኑን። ራሴን ቀና አላደረግኩም። ይቆጣል አልኩ፣ ሟርት ነው ይላል አልኩ። ወንበሩን አስቀመጠና ተቀመጠበት።

«ማን ማን መጣ?»

ስም ስም ነገርኩት። አየለች ጋ ደርሼ የእናቷን ምጥ ሳነሣ አስቆመኝ። «ያች ሕፃን? ተረፈች?» ሠላሳ ዓመት ሳያውቅ ኖሯል። ከዚያ ሌላ ሌላውን ጠየቀኝ፣ ዝናቡን፣ ድንኳኑ ያፈስ እንደነበር... እንደምንም መጨረሻ ላይ፦

«እቴነሽ ግን... አልመጣችም።»

መጥታለች አልኩት። ያለችውን ነገርኩት። ድገሚልኝ አለ። ደገምኩለት። ተነሥቶ ፊቱን ሊታጠብ ወጣ፤ ሲመለስ ፊቱ ደረቅ ነበር፣ ዓይኑ ግን አልነበረም።

ሐምሌ 9፣ ቅዳሜ

የልጆች መጫወቻው። አየነው።

ፈረሶቹ አሥራ ሁለት ናቸው። ቀለማቸው ተልጧል፣ አንደኛው ጆሮ የለውም። ጥሩምባ የመሰለ ሙዚቃ አለ። አምሳል ነጩን መረጠች፤ ጀርባዋን አቅንታ ጉዳይ ልታስፈጽም እንደመጣች ሰው ተቀመጠች። ክንዱ ብቻዬን አልወጣም አለ። ከአዋቂ ጋር እንጂ! አዳሙን ሞተሩ አይችለውም። አያ ላቀው ተነሣ። ጠባቂው «አባቴ፣ ለትልልቅ ሰዎች አልተፈቀደም» አለው።

«እኔ ሞቻለሁ፣ ልጄ። ክብደት የለኝም።»

ጠባቂው ገለል አለ፤ አያ ላቀው ክንዱን አቅፎ ወጣ።

መዞር ጀመሩ። ክንዱ በመጀመሪያው ዙር አለቀሰ፣ በሁለተኛው ሳቀ። አያ ላቀው በየዙሩ ፊታችን ሲደርስ ይጮህልኛል።

«መንበረ!»

ዞረ።

«አብሬያችሁ...»

ዞረ።

«...እሄዳለሁ!»

ጥሩምባው ቆመ። ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ለአራት ደቂቃ። አምሳል ወረደች፣ ቀሚሷን አራገፈች። «አባባ፣ ቃልህን ጠበቅህ» አለችው። አዳሙ ከኔ ጋር በተጋባበት ቀን እንዲህ አልኮራም። «በሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ከወጣሁስ?» አለችው ቀጥላ። ዝም አላት። እየተማረ ነው።

ሐምሌ 10፣ እሑድ

ከአዳሙ ጋር ተጨቃጨቅን። ልጆቹ እንዳይሰሙ ደጅ ወጥተን፣ በሹክሹክታ።

«ይዘነው ከገባን ሰጠኝ ያየዋል። ምናለ ያየዋል። ያለሽን ረሳሽው?»

አልረሳሁም። «ትተነው ከሄድንስ? አክስቴ በቁሙ ትቅበረው?»

«ደብዳቤ እንጻፍላት።»

ማን ያነብላታል? የኮሶዬ ቀበሌ ጸሐፊ?

ፈርቻለሁ። ልጆቼን ማን ያሳድጋል ብዬ ሁሉ አስቤያለሁ። ግን ያ ሙሾ ጆሮዬ ላይ ነው። ይዘነው እንሄዳለን አልኩ። አዳሙ ሰማይ ሰማይ አየ፣ «እሺ» አለ። ለዚህ ነው የምወደው።

ሐምሌ 11፣ ሰኞ

አያ ላቀውም ከቀበሌው ይለፍ ያስፈልገዋል። ብቻውን ሄዶ በግማሽ ሰዓት ይዞ መጣ። የጉዞ ምክንያት፦ ሐዘን።

«የማን ነው ብለው አልጠየቁህም?»

«ጠየቁኝ። ላቀው የሚባል ዘመዳችን ነው አልኩ።» ባርኔጣውን አስተካከለ። «ምን ዋሸሁ? ልቅሶ ቤት አይደል የምሄደው?»

ውሸቱ በዘር ነው።

ሐምሌ 15፣ ዓርብ

ጎንደር ገባን። አዘዞ ኬላ ላይ ያው ወታደር ነበር። «ተጽናናችሁ?» አለን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ክንዱ ተኝቷል።

ሐምሌ 16፣ ቅዳሜ

በጠዋት ኮሶዬ። ጉም ነው፣ አሥር እርምጃ ራቅ ያለ አይታይም። አክስቴ ጥቁሯን እንደለበሰች ድንች ማሳዋ ውስጥ ቆማ ነበር። እኔ ልቅደም፣ በድንገት አይታህ ልቧ ቀጥ እንዳይል አልኩ። አያ ላቀው አልጠበቀኝም። ከጉሙ ውስጥ ወጣ።

«በስመ አብ» አለች፤ አማተበች።

«ታረቂኝ ልልሽ መጣሁ» አላት።

ጓል አነሣች። ወረወረችበት፣ ሳተችው። ሁለተኛውን አልሳተችውም። ሦስተኛውን እንደያዘች ጭቃው ላይ ቁጭ አለች፤ አለቀሰች። እሱም ከነሱሪው አጠገቧ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። አምሳል እጄን ጨበጠችኝ።

ቆየት ብዬ ተጠጋሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት፣ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ሸጋ» አለች። «እሱን አስቀበርሽኝ። ለፈረስ ጨዋታ! እንግዲህ ያንቺን ዓይን አላይም።»

ፊቷን አዞረች። ጠቡ አልጠፋም፤ ቦታ ነው የቀየረው።

ሐምሌ 18፣ ሰኞ

ሌላ ሰው ሳይነግርብኝ ራሴ ቀበሌ ሄድኩ። ሰጠኝ እስክጨርስ ሰማኝና መዝገቡን ገለጠ። «የተለቀሰለትን ሰው መሰረዣ ቅጽ የለም» አለ። በጣም ተጨንቋል፣ ከኔ በላይ።

ጓድ ምናለ ጮኸ። በቡጢ ጠረጴዛውን መታ። አብዮቱን፣ ሰፊውን ሕዝብ፣ የንፍሮውን ባቄላ ሳይቀር አነሣ። የንግግሩ መጨረሻ እስር ቤት ነው አልኩ። ደግነቱ እሱ ራሱ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ሐዘኑን ገልጿል፤ ለላይ አካል ምን ብሎ ይጻፍ? እሑድ የውይይት ክበብ ላይ ቆሜ ግለሂስ እንዳደርግ ተወሰነ። ቤት ገብቼ በቁሜ ውሃ ጠጣሁ፣ ሁለት ብርጭቆ።

ሐምሌ 24፣ እሑድ

አዳራሹ ሞልቷል። ወረቀቴን አነበብኩ። የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ አሳይቻለሁ፣ ለልጆቼ ደስታ ስል ሕዝብን አስለቅሻለሁ አልኩ። የመጨረሻውን ከልቤ ነው ያልኩት።

«ጥያቄ?» አለ ጓድ ምናለ።

ከኋላ አንዲት ሴት እጇን አወጣች።

«እውነት በመብራት ነው የሚዞሩት?»

ስወጣ ሦስት እናቶች ደጅ ጠበቁኝ። ዐባይ በረሃ ላይ ልጆቹን ያስመልሳቸዋል ወይ አሉኝ። አባትየውንም አልኳቸው።

ነሐሴ 16፣ ሰኞ

ፍልሰታ ተፈታ። በዚህ ወር ኮሶዬ ስወጣ አራተኛዬ ነው። ሦስቱን ጊዜ ደጅ ቆሜ ተመልሻለሁ። አዳሙ «ይበቃል፣ ራሷ ትመጣለች» ይላል። አይሆንም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚፈጀው እንዲህ ሲባል ነው።

ዛሬ ልጆቹን ይዤ ሄድኩ። አያ ላቀው እዚያው ነው የከረመ፤ አጥሩን ጠግኗል፣ አጥሩ ተጣሟል ብላ ትጨቀጭቀዋለች። ልጆቹ ሮጠው ገቡ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ጥቁሯን አላወለቀችም።

«አንቺ ሴት፣ እህልሽን እየበላሁ ፊትሽ ተቀምጫለሁ፣ ይሄን ልብስ ምነው አትጥይውም?» አላት አያ ላቀው።

«ላንተ መሰለህ? ለአሥራ ዘጠኙ ዓመት ነው።»

አያ ላቀው ማገዶ አቀበላት። ጉሙ ከኋላዬ ወረደ፣ ነጠላዬ ርሷል። አክስቴ እሳቱን ቆሰቆሰች። ወደ በሩ አላየችም።

«አምሳል» አለች። «እናትሽን ግቢ በያት። ብርድ ነው።»

አምሳል ዞር አለች። ከኔ ሦስት እርምጃ ብትርቅ ነው።

«እማዬ፣ ግቢ ተብለሻል።»

ገባሁ።